ቦርጭ ላለው ሰው የፊንጢጣ ዕጢ ቀዶ ሕክምና፦ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

በላፓሮስኮፒ ሲሠራ ሆድ በጋዝ ይነፋል። ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ሕመምተኛው በጭንቅላቱ በኩል ዝቅ ተደርጎ ይተኛል፤ አንጀቱም ሸሸት ብሎ ቦታ ይለቃል። ሞራ የበዛበት ሆድ ውስጥ ግን አንጀት እንደልብ አይሸሽም። ፊንጢጣን የከበበው ስብም ወፍራም ነው። ዕጢው ደግሞ ከዚህ ስብ ጋር ሳይቀደድ መውጣት አለበት። ዳሌያቸው ጠባብ በሆነ ወንዶች ላይ ሥራው ይበልጥ ይከብዳል።

መጀመሪያ ራስዎን ይለኩ። ኪሎዎን ለቁመትዎ ሁለት ጊዜ ያካፍሉ። 95 ኪሎና 1.70 ሜትር ከሆኑ 33 ገደማ ይመጣል። 30ና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ወገብዎንም ይለኩ። ሐኪሙን ይበልጥ የሚያስቸግረው የጭን ስብ ሳይሆን የቦርጭ ሞራ ነው።

ቀጥሎ ጊዜዎን ይጠቀሙበት። «መጀመሪያ ልክሳ» ብሎ ካንሰርን ማቆየት አደገኛ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ግን ከቀዶው በፊት ጨረር ከታዘዘልዎት፣ ብዙ ጊዜ 5 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያም ለሳምንታት ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ሲጋራ ያቁሙ። ስኳር ካለብዎት ይስተካከል። ራስዎን ግን አያስርቡ፤ ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋል። የጾም ወቅት ከሆነ ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ፤ ሽሮና ምስር ከማዕድዎ አይጥፋ።

የሚያንኮራፉ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽዎ ቆም የሚል ከሆነ ለሰመመን ሰጪው ሳይደብቁ ይንገሩ። ጋዙና አተኛኘቱ ሳንባን ይጫናሉ።

ከዚያ ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በዓመት ስንት የፊንጢጣ ቀዶ ይሠራሉ? ዕጢው ገና ጅምር ከሆነ፣ ሆድ ሳይነካ በፊንጢጣ በኩል ይወጣል? ይህን በካሜራ ታግዞ መሥራት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀርመን የተጀመረ ነው፤ የሆድ ስብም ብዙ አያግደውም። ሐኪሙ በሚመራው ሮቦት መሠራት ይሻላል ወይ ብለው ቢጠይቁም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 471 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን ወደ ክፍት ቀዶ መዞርን በመቀነስ በኩል በሮቦትና በላፓሮስኮፒ መካከል ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ሐኪሙ መሀል ላይ ሆድዎን ቢከፍት ለደኅንነትዎ ብሎ ነው፤ ወፍራም ሰው ላይ ይህ ይበልጥ ያጋጥማል።

ይህችን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋታል። ሆድዎ ላይ የሰገራ ከረጢት ሊለጠፍልዎት የሚችል ከሆነ፣ ቦታው ከቀዶው በፊት ይመረጥ፤ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው። ተኝተው ብቻ ከተመረጠ ሲቀመጡ ቦርጩ ታጥፎ ይሸፍነዋል። እርስዎ አያዩትም፤ ከረጢቱም ያፈስሳል። ብዙ ጊዜ ከእምብርት ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል።

ከቀዶው በኋላ ቢያምዎትም ቶሎ ተነስተው ይራመዱ። ውፍረትም ካንሰርም ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የታዘዘልዎትን የደም ማቅጠኛ እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ 4 ሳምንት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የልብ ምት መፍጠን ካዩ እስኪነጋ አይጠብቁ። የተሰፋው አንጀት ማፍሰሱ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ።