አንዱን ልቦለድ በሁለት ርዕስ ሁለቴ ላለመግዛት

ጎንደር ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ዘንድ ለልጃችሁ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ስትመርጡ ርዕሱን ብቻ አትመኑ። ከእንግሊዝ የመጣውም ከአሜሪካ የመጣውም አንድ ላይ ተደባልቆ ነው የሚሸጠው። አንዳንድ የአስማት ታሪክ ደግሞ በሁለቱ አገር ስሙ ለየቅል ነው።

መጀመሪያ የደራሲውን ስም እዩ። የጄ.ኬ. ሮውሊንግ የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 እንግሊዝ ውስጥ «ሃሪ ፖተር ኤንድ ዘ ፊሎሶፈርስ ስቶን» ተብሎ ወጣ። በዓመቱ አሜሪካ ሲገባ «ሶርሰረርስ ስቶን» ሆነ። አሳታሚው «ፈላስፋ» ሲባል ልጆቹ ይሸሻሉ ብሎ ሰግቶ ነው (ልጆቹን መናቅ ይመስለኛል)። የተቀሩት ስድስቱ ርዕሳቸው አንድ ስለሆነ አያሳስቧችሁ።

የፊሊፕ ፑልማን ግን ይብሳል። እንግሊዝ በ1995 «ኖርዘርን ላይትስ» ብላ ያወጣችውን አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት «ዘ ጎልደን ኮምፓስ» አለችው። ፑልማን መጀመሪያ ለታሪኩ ሦስቱም ቅጾች «ዘ ጎልደን ኮምፓስስ» የሚል የጋራ ስም አስቦ ነበር። ከእንግሊዛዊው ገጣሚ ከሚልተን ግጥም ያገኘው ነው፤ ክብ የሚሠራበትን ኮምፓስ ማለቱ ነበር። አሜሪካኖቹ ታሪኩ ውስጥ ያለው፣ አቅጣጫ ጠቋሚ የሚመስለው የወርቅ መሣሪያ መሰላቸው። እሱ ሐሳቡን ቢቀይርም እነሱ ወይ ፍንክች አሉ።

ቀጥሎ የርዕሱን ገጽ ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። አሳታሚውና ዓመቱ እዚያ በደቃቅ ፊደል አለ። «ፈርስት ፐብሊሽድ» ከሚለው አጠገብ ሌላ ርዕስ ካገኛችሁ የቀድሞ ስሙ እሱ ነው፤ በቃ፣ አለቀ።

በአይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (የመጽሐፍ መለያ) ቁጥሩ አትፍረዱ። እያንዳንዱ እትም የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ስለተለያየ ታሪኩ ተለየ ማለት አይደለም። ስልክ ላይ ለመፈለግ ግን ይጠቅማል።

ዳታ ካለቀባችሁ ምዕራፍ አንድን ግለጡ። ሊራ የምትባል ልጅ በጨለመ አዳራሽ ተደብቃ ስታልፍ ካገኛችኋት፣ ሽፋኑ ምንም ይሁን ምን ያው የፑልማን መጽሐፍ ነው። የፊደል አጣጣሉ እዚህም እዚያም ቢለያይ አይግረማችሁ።

ሻጩ «ይሄ ክፍል ሁለቱ ነው» ካላችሁ አትከራከሩ። የፑልማን ክፍል ሁለት በሁለቱም አገር «ዘ ሰትል ናይፍ» ነው። እሱ ካለው ይስጣችሁ፣ ዋጋ የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።