ቬንቲሌተሩን ከመንካታችሁ በፊት አምቡ ባጉን ጭመቁ

ጅማ ውስጥ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነኝ። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስይዘው አምቡ ባግ ነው፤ በእጅ እየተጨመቀ ለታማሚ አየር የሚሰጥ ከረጢት። የቬንቲሌተሩ፣ ማለትም የመተንፈሻ ማሽኑ፣ ስክሪን ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲበረታ፣ የሕክምና ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ በእጃቸው ባግ በመጭመቅ ነበር ሰው ያተረፉት። እጅ ያወቀውን ዓይን ስክሪን ላይ ቶሎ ያገኘዋል።

የመለማመጃ ሳንባ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌለ የላስቲክ ጓንት ከባጉ ጋር በተገጠመው ቱቦ ጫፍ ላይ በፕላስተር እሰሩ። ቀስ ብላችሁ ጭመቁ። ቀጥሎ ቱቦውን በጣት ቆንጠጥ አድርጉት። አየሩ እምቢ ይላል አይደል? ይህ የመንገዱ ጥበት ነው። አሁን ቱቦውን ልቀቁና ጓንቱን በእጃችሁ ጨብጡት። መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳንባው ራሱ አልነፋም አለ። ሁለቱን ከለያችሁ ትልቁን ነገር ያዛችሁ።

ማሽኑም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። አየር ሲገባ ያለው ከፍተኛ ግፊት ጨምሮ፣ ትንፋሹን ያዝ ስታደርጉት የሚታየው ግፊት ካልጨመረ፣ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፦ አክታ፣ የታጠፈ ወይም የተነከሰ ቱቦ፣ የአየር ቧንቧ መጥበብ። ሁለቱም ከጨመሩ ሳንባውን ጠርጥሩ፦ የሳንባ ምች፣ ውሃ መቋጠር፣ ወይም ሳንባው ተበስቶ ደረት ውስጥ የገባ አየር። ትንፋሹ ሲያዝ የሚታየውን ግፊት ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) በታች አቆዩት።

ፒፕ (PEEP)፣ ማለትም ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት፣ ደግሞ እንደ ፊኛ ነው። ባዶ ፊኛ የሚከብደው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ትንሽ አየር ከቀረበት ይቀላል። ብዙ ጊዜ በ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንጀምራለን።

የአየሩን መጠን ታማሚው ሚዛን ላይ በሚመዝነው ክብደት አትስሉ፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አይሰፋም። ቁመት ለኩ። ከመርካቶ የገዛሁት የልብስ ሰፊ ሜትር ሁሌም ኪሴ ውስጥ አለ። ለወንድ ከቁመቱ በሴንቲ ሜትር 152.4 ቀንሱ፣ በ0.91 አባዙ፣ 50 ደምሩ፤ የሚወጣው በቁመቱ የተሰላ ክብደት ነው፣ በኪሎ። ለሴት በ50 ፋንታ 45.5። 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ 66 ኪሎ ይወጣዋል፤ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲሰላ 400 ገደማ። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ እንኳን አይሞላም! ባጉን በሁለት እጅ አጥብቆ የሚጨምቅ ሰው ሳይ የምደነግጠው ለዚህ ነው።

አላርም ሲጮህ መጀመሪያ ሰውየውን እዩ። አንድ የክረምት ሌሊት፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ቁልፍ ስነካካ ደቂቃ አለፈ። ታማሚው ቱቦውን ነክሶት ነበር። ተረፈ፤ ያቺ ደቂቃ ግን እስካሁን ታመኛለች። ኦክስጅኑ እየወረደ ምክንያቱ ካልገባችሁ ከማሽኑ ነቅላችሁ በባግ ስጡ፣ እየጮኻችሁ ሰው ጥሩ። በባግ ቀለል ካለ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ካልቀለለ ቱቦው ቦታውን እንዳልለቀቀ፣ እንዳልተደፈነ፣ ደረቱም በሁለቱም በኩል እኩል እንደሚነሳ እዩ።

ተረኛ ስትሆኑ መጀመሪያ ራስጌው ጋ ባጉ ከነማስኩ፣ ኦክስጅኑ ተገጥሞለት፣ መኖሩን አረጋግጡ። መብራት ሲጠፋ ፍለጋ አይገባም። ሳክሽን ከማድረጋችሁ (አክታ በማሽን ከመምጠጣችሁ) በፊትም ለታማሚው ንገሩት፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ በኦሮምኛ። መመለስ አልቻለም እንጂ ይሰማችሁ ይሆናል።