የአይቲ አገልግሎት ሰጪዎ ዛሬም ይበቃዎታል? እንዴት እንደሚመዘን

ውሉ ሲፈረም ድርጅቱ 12 ሠራተኛና አንድ ሰርቨር ነበረው እንበል። ዛሬ ሠራተኛው 40 ደርሷል፣ ኢሜይሉ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚሠራበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ላይ ነው፣ የሒሳብ ሥራውም በኢንተርኔት ይካሄዳል፤ ውሉ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ «ባለሙያዎቹ ጎበዝ ናቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሩቅ አያስኬድም። ጎበዝም ትሑትም ሆነው ሥራቸው ለዛሬው ድርጅት ላይበቃ ይችላል። ሠራተኛው ሁሉ የሚያማርረው አገልግሎት ሰጪም መዝገቡ ሲታይ ውሉን አክባሪ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሚያዋጣው መዝገብ ማገላበጥና መፈተን ነው።

ከቲኬቶቹ ይጀምሩ

ቲኬት ማለት ሠራተኛው እርዳታ ሲጠይቅ የሚከፈተው መዝገብ ነው። ያለፉትን 12 ወራት የቲኬት ዝርዝር ጥሬውን በኤክሴል ይጠይቁ። በቀለም ያሸበረቀ የፒዲኤፍ ሪፖርት አይበቃም፤ ያዘጋጀው የሚመዘነው ወገን ራሱ ነው። ዝርዝሩ ቢያንስ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት፣ የመጀመሪያውን ምላሽ፣ የተዘጋበትን ጊዜ፣ የአጣዳፊነት ደረጃውን፣ የችግሩን ዓይነትና የጠየቀውን ሠራተኛ መያዝ አለበት። ይህን ለማውጣት ሳምንት የሚፈጅበት አገልግሎት ሰጪ ቲኬቶቹን በወጉ አይመዘግብም ማለት ነው፤ ይህም ራሱ አንድ ውጤት ነው።

አማካይ ጊዜ ያሳስታል። ከ10 ቲኬቶች ዘጠኙ በአንድ ሰዓት ተዘግተው አሥረኛው 200 ሰዓት ቢፈጅ፣ አማካዩ 20.9 ሰዓት ይሆናል። ጊዜዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው መሃል ላይ ያለውን ቢወስዱ ግን አንድ ሰዓት ነው። ሁለቱንም ይያዙ፤ ከዚያ እጅግ የዘገዩትን አንድ በአንድ ያንብቡ። እውነተኛው ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

ቁጥሩን የሚያሳምሩ ሦስት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚለውን አውቶማቲክ መልእክት እንደ መጀመሪያ ምላሽ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ቲኬቱን «ደንበኛውን በመጠበቅ ላይ» በሚል ደረጃ አስቀምጦ ሰዓቱን ማስቆም። ሦስተኛው ችግሩ ሳይፈታ ዘግቶ፣ ሠራተኛው ሲመለስ አዲስ ቲኬት መክፈት ነው። ለዚህኛው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዝርዝሩን በጠያቂና በችግር ዓይነት ደርድረው የሚደጋገመውን ይፈልጉ። አንድ ፕሪንተር ወይም አንድ የኔትወርክ መስመር በዓመት አምስት ጊዜ ከተመዘገበ፣ የተጠገነው ምልክቱ እንጂ መንስኤው አይደለም።

የቲኬት ቁጥር መቀነስም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። አምስት ስድስት ሠራተኞችን «ኮምፒውተርዎ መጨረሻ ሲያስቸግርዎ መጀመሪያ ማንን ጠሩ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ኮምፒውተር የሚገባው አንድ ባልደረባ ከሆነ፣ ሰዉ አገልግሎቱን ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፤ ያ ባልደረባም ሁለተኛ ሥራ ተሸክሟል።

ውሉን ከቁጥሩ አጠገብ ያድርጉ

«በአራት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» ማለት በአራት ሰዓት ውስጥ እንጠግናለን ማለት አይደለም። አብዛኛው ውል ምላሹን ይወስናል፣ መፍትሔውን ግን ክፍት ይተዋል። አገልግሎቱ «99.9 በመቶ» እንደማይቋረጥ ከተጻፈ፣ በ30 ቀን ወር ውስጥ የሚፈቀደው መቋረጥ 43 ደቂቃ ያህል ነው። «99 በመቶ» ሲሆን 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይደርሳል። የታቀደ ጥገና ከዚህ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህን ይመልከቱ። ክፍያውንም ከውል ውጪ የተጠየቁትን ደረሰኞች ደምረው ለሠራተኛ ቁጥር ያካፍሉት፤ ከውል ውጪ ያለው ከመደበኛው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ውሉ አርጅቷል።

ባክአፑን አስመልሰው ይዩ

ባክአፕ ማለት መረጃ ቢጠፋ የሚመለስበት መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ፈተና ይህ ነው። «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚለው የየዕለቱ መልእክት የሚነግርዎ ፕሮግራሙ መገልበጡን መጨረሱን እንጂ ቅጂው እንደሚሠራ አይደለም። የሚመለሰውን ነገር እርስዎ ይምረጡ፣ ምን እንደሚሆንም አስቀድመው አይናገሩ። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ከ30 ቀን በፊት የተሰረዘ አንድ ፋይል፣ የአንድ ሠራተኛ ሙሉ ኢሜይል፣ እና የሒሳብ ሲስተሙ በሌላ ማሽን ላይ ተነሥቶ። ሰዓት ይያዙ፤ ሲስተሙ ከተነሣም በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ገብታ የመጨረሻውን ምዝገባ ታረጋግጥ።

የሚለኩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የሚጠፋው ሥራ ነው፤ ባክአፑ ሌሊት በ8 ሰዓት ከተሠራና ሰርቨሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሞተ፣ 14 ሰዓት ውስጥ የገባው ሁሉ የለም። ሌላው ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። 2 ቴራባይት መረጃ ከክላውድ በሰከንድ 50 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ለመመለስ፣ መስመሩ ያለማቋረጥ ቢሠራ እንኳ ወደ 89 ሰዓት ይወስዳል። ይህን ስሌት አስቀድሞ ሠርቶ ያላሳየዎ ባለሙያ፣ እሳት በተነሣ ቀን አብሮዎት ይደነግጣል።

ፈተናው የሚወድቅበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ዳታቤዙ (የሲስተሙ መረጃ ማከማቻ) ክፍት ሆኖ እንደ ተራ ፋይል ይገለበጥና የተበላሸ ቅጂ ይወጣል። ወይም የባክአፑ ዲስክ በዚያው ኔትወርክ፣ በዚያው የአድሚን (የዋና አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ይከፈታል፤ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) ሲገባ ሰርቨሩንም ባክአፑንም አብሮ ይቆልፋል። ኢሜይሉ ክላውድ ላይ ስለሆነ ባክአፕ አያስፈልገውም የሚል ግምትም አለ። የቆየው መመዘኛ አሁንም ይሠራል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጪ።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የሚከተሉትን በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የዶሜይኑ ስም (የድረ ገጽዎና የኢሜይልዎ አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የኢሜይሉና የክላውዱ ዋና አድሚን አካውንት፣ የፋየርዎሉ (ኔትወርኩን ከውጭ የሚጠብቀው መሣሪያ) ፓስወርድ፣ ባክአፑ የተመሰጠረበት ቁልፍ፣ የሶፍትዌር ፈቃዶች ዝርዝርና የኔትወርኩ ሥዕል። ዶሜይኑ በአገልግሎት ሰጪው ስም ከሆነ ኢሜይልዎም ድረ ገጽዎም በእሱ ፈቃድ ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ሲመዘገብ ለማቃለል ተብሎ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ዛሬውኑ ይቀየር።

ባለሙያዎቹ ኮምፒውተሮችዎን ከሩቅ ስለሚቆጣጠሩበት ፕሮግራምም ይጠይቁ። በሐምሌ 2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ካሴያ በተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በኩል የተፈጸመው ጥቃት፣ በአገልግሎት ሰጪዎች አድርጎ እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶችን ነክቷል። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ አካውንት አለው ወይስ ሁሉም በአንድ ይገባሉ? ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቃል? የለቀቀ ባለሙያ አካውንት በስንት ቀን ይዘጋል?

የሶፍትዌር ዝመናውን (አፕዴቱን) ነገር ደግሞ ራስዎ የመረጧቸውን አምስት ኮምፒውተሮች ከፍተው መጨረሻ የዘመኑበትን ቀን ማየት ይበቃል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው በኦክቶበር 14፣ 2025 ነው። ከዚያ ቀን ወራት ቀድሞ «እነዚህ ኮምፒውተሮች ይቀየራሉ፣ እነዚህ ይሻሻላሉ» የሚል ዝርዝር ደርሶዎት ነበር? ካልደረሰዎ፣ የሚከፍሉት ለጥገና ብቻ ነው ማለት ነው።

ውሳኔው

ውጤቶቹን ደምሮ በአማካይ መፍረድ አይመከርም። የዘገየ ምላሽ ይታረማል፦ አገልግሎት ሰጪው ሊደርስባቸው የሚገቡ ሦስት ቁጥሮች በጽሑፍ ይስጡና 90 ቀን ይጠብቁ። ባክአፑ አልመለስ ሲል ግን ምክንያቱ ተገኝቶ በሳምንታት ውስጥ ፈተናው መደገም አለበት። ቁልፎቹን አልሰጥም ያለ ወገን ሁለተኛ ዕድል አያስፈልገውም።

ለመለያየት ከወሰኑ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ውሉ በራሱ የሚታደስበትን ቀንና የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ያረጋግጡ። ዶሜይኑንና ዋናውን አድሚን አካውንት በእጅዎ ያስገቡ፤ የስንብት ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይጻፍ። አዲሱና አሮጌው ለ30 ቀን ያህል አብረው ይሥሩ። በመጨረሻው ቀን የሩቅ መቆጣጠሪያው ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ይወገድ። ጸረ ቫይረሱ በእነሱ ፈቃድ የሚሠራ ከነበረ፣ ተተኪው በዚያው ቀን ይጫን። የባለሙያዎቹን አካውንቶች ግን ወዲያው አይሰርዙ፤ ያግዷቸውና አንድ ወር ያቆዩዋቸው። የሌሊቱ ባክአፕ ወይም ስካነሩ ኢሜይል የሚልክበት መስመር በአንዱ ባለሙያ ስም ተሠርቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚታወቀውም ሥራው ሲቆም ነው።