የጡት ባዮፕሲ ውጤት እስኪመጣ ቀኑን እንዴት መግፋት ይቻላል

ባዮፕሲ ማለት ለምርመራ ከጡት ላይ ትንሽ ናሙና መውሰድ ነው፤ የናሙና መውሰጃው መርፌ ልክ እንደ ስቴፕለር ቀጭ ይላል። ሐኪሟ ድምፁን አስቀድማ ስላሰማችኝ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ፕላስተር ተለጥፎልኝ ቸርችል ጎዳና ላይ ስወጣ ነው። "ውጤቱ ይደርሳል" ብለውኛል። መቼ? አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ተራው ያንቺ ከሆነ እኔ ካደረግሁት የተሻለ ማድረግ ትችያለሽ። (አንቺ የምለው ስለሚቀናኝ ነው እንጂ የጡት ካንሰር ወንዶችንም ይይዛል።)

1. ከክሊኒኩ ሳትወጪ ቀኑን አስጽፊ

ውጤቱ በስንት የሥራ ቀን ይደርሳል? ይደውሉልኛል ወይስ እኔ ልምጣ? ቀኑ ካለፈ የማንን ስልክ ልምታ? መልሱን ወረቀት ላይ ያዢ። የካርድ ቁጥርሽንና ስምሽን እስከ አያት ድረስ አይተሽ አረጋግጪ። በዚህ ከተማ በአንቺና በአባትሽ ስም የምትጠራ ሌላ ሴት አትጠፋም። ቁርጥ ያለ ቀን ካለሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብሽ አይሰቀልም።

2. ለምን እንደሚቆይ እወቂ

እኔ ቀኑ በገፋ ቁጥር "ክፉ ነገር አግኝተው ነው" እል ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ናሙናው መጀመሪያ እንዳይበላሽ በሚያደርግ ፈሳሽ (ፎርማሊን) ውስጥ ይቆያል፤ ለጡት ናሙና ቢያንስ 6 ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚያ ውሃው ይወጣለትና ሰም ውስጥ ይደረጋል። ሰሙ ሲጠነክር ከፀጉር በቀጠነ ስስ ቁራጭ ተቆርጦ ቀለም ይነከራል። በመጨረሻ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) በማይክሮስኮፕ ያየዋል። አንዳንዴ ሌላ ቀለም ይታዘዛል፣ ወይም ሌላ ባለሙያ እንዲያየው ይደረጋል። መሐል ላይ እሁድና በዓል ይገባሉ። መዘግየቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

አሜሪካ ውስጥ የጡት ባዮፕሲ ከሚደረግላቸው ከአምስት ሴቶች አራቱ ገደማ ካንሰር አይገኝባቸውም። ይህን ቁጥር እዚህ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ ብዙዎቻችን ዘግይተን ነው የምንመረመረው። ግን እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ እነዚህ ጥቂት ቀናት ሕክምናውን አያበላሹትም። "ብረት ከነካው ይባባሳል" የሚለውን ወሬ ደግሞ እርሺው።

3. ቁስሉን ተንከባከቢ

አጭር ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ደቂቃ ያዢበት፤ ደጋፊ ጡት መያዣ አድርጊ። ለአንድ ሁለት ቀን ጀሪካን አታንሺ። መበለዝ ያለ ነው። መድማቱ አልቆም ካለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ተመለሺ።

4. ማን እንደሚያውቅ ወስኚ

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ አክስቴ ደወለች። በሦስተኛው ቀን የእድር ጎረቤታችን ሥር ይዛ መጣች። ክፋት የለባቸውም፤ ሁሉም ሊረዳኝ ነው። ግን እያንዳንዳቸውን "አይዞሽ፣ ምንም የለም" እያልኩ ሳጽናና የዋልኩት እኔው ነኝ።

አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል። የሚያለቅስልሽን ሳይሆን አብሮሽ ዝም ሊል የሚችለውን ምረጪ። ለሌላው "ምርመራ አድርጌ ነበር፤ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ አትጠይቁኝ" ማለት ነውር የለበትም። ጠበል የሚያሳርፍሽ ከሆነ እንጦጦ ውጪ፤ ፕላስተሩ ያለበትን ቦታ ማርጠብ መቼ እንደሚቻል ግን ሐኪምሽን ጠይቂ። ቁስሉ ላይ ቅጠልም ሆነ ቅባት አታድርጊ።

5. ለሌሊቱ ተዘጋጂ

ቀን ቀን ሥራ ያስረሳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ሆድሽን ባር ባር የሚለው። ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድሪው፤ በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ የምታገኚው ሁሉ መርዶ ነው። ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ ለጭንቀቱ ስጪው። የምትፈሪውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊና ዝጊው። ሌሊት ሲመለስ "ተጽፏል" በይው። ሞኝነት ይመስላል፤ እኔን ግን ረድቶኛል። ከሰዓት በኋላ ቡና ከተፈላ አቦሉን ጠጪና ቶናውንና በረካውን ለእንግዶች ተዪ። እንቅልፍ በዓይንሽ ካልዞረ፣ ካልበላሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ ያኔ ውጤቱን አትጠብቂ።

6. ፖስታውን ብቻሽን አትክፈቺ

እዚህ ውጤት ብዙ ጊዜ በወረቀት ይሰጥሻል፤ ለሐኪሙ የምታደርሺው አንቺ ነሽ። ወረቀቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ታክሲ ውስጥ ቀደድኩት። "ፋይብሮአዴኖማ" ይላል። መጨረሻው እንደ ብዙ ካንሰሮች ስም "ኦማ" ስለሆነ አለቀልኝ ብዬ "ወራጅ አለ!" ስል ወያላው ራሱ ደነገጠ። ብሔራዊ ትያትር አጠገብ ወርጄ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ጋ ስደርስ ሳቀች። ካንሰር ያልሆነ እብጠት ማለት ነው።

ስለዚህ ፖስታውን አብራሽ የምትሄደው ሰው ቦርሳዋ ውስጥ ትክተተው። ሐኪሙ ፊት እሷ ትጻፍ፣ አንቺ አዳምጪ። የተገኘው ምንድን ነው? ውጤቱ ከአልትራሳውንዱ ወይም ከማሞግራሙ (ከጡት ራጁ) ጋር ይጣጣማል? ቀጥሎ ምን፣ መቼ? ከመውጣትሽ በፊት ወረቀቱን ኮፒ አድርጊ። ሌላ ሐኪም እንዲያየው ከፈለግሽም ላብራቶሪው ያስቀመጠውን የሰም ብሎክ (ናሙናው ያለበትን ሰም) እና ስላይድ (ስስ ቁራጩ ያለበትን መስታወት) መጠየቅ ትችያለሽ።