ጣናን ሳይጎዱ ደሴቶቹን ለመጎብኘት

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር እንግዳ ስለ ሐይቁ ጥበቃ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያነሣው የውኃ ፕላስቲኩን ነው። ፕላስቲክ ሐይቅ ውስጥ መጣል በእርግጥ ነውር ነው፤ ይሁን እንጂ በጣና ውስጥ ላለው ሕይወት ከዚህ ይበልጥ የሚከብዱት እንግዳው የሚመጣበት ወር፣ ምሳ ላይ የሚያዝዘው ዓሣ እና ጀልባው ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሳይታወቅ ይዞት የሚሄደው አረም ናቸው። ይህ መመሪያ በእነዚህ ላይ ያተኩራል።

ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች የሚገባው ደለልም ሆነ ከከተማው የሚለቀቀው ፍሳሽ በቀላሉ ውኃውን ያደፈርሰዋል፣ ይበክለዋልም። በሌላ በኩል ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ በላይ የቀረው ለብቻው ሲራባ ኖሮ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዝርያዎችን አስገኝቷል። አስጋሪዎች «ነጭ ዓሣ» እያሉ በአንድ ስም የሚጠሩት፣ ተመራማሪዎች ደግሞ ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን በጣና ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሌሎች ዓሣዎችን እያደኑ ይኖራሉ፤ ይህ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ያስገርማል። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ስፍራ ሆኖ) መመዝገቡም ለዚህ ሁሉ ሀብት የተሰጠ ዕውቅና ነው።

ጉዞ ሲያቅዱ አስቀድመው ስለ ወሩ ያስቡ። ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በርከት ያሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ገባር ወንዞቹ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ንጹሕና ፈጠን ብሎ የሚወርድ ውኃ፣ ወለሉም ጠጠር የሆነ ቦታ ነው፤ እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተሸሽጎ አየር ያለው ውኃ ሲያልፍበት ይፈለፈላል፣ ደለል ከተጫነው ግን ታፍኖ ይቀራል። ዓሣዎቹ ወንዙን ሽቅብ ከመያያዛቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ በብዛት ይሰበሰባሉ። አስጋሪውም ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ መረቡን እዚያው ይዘረጋል። ከወንዙ ላይኛ ክፍል ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ በመበተን የሚያሰግር አለ፤ ይህም እናቱንም ጫጩቱንም ሳይለይ ይፈጃል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ዘግይቶ የሚደርስ በመሆኑ በአንድ ክረምት የደረሰበትን ጉዳት ለመተካት ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት የነጭ ዓሣ ብዛት በእጅጉ ያሽቆለቆለው በአብዛኛው በመራቢያው ወቅት በወንዝ አፍ ላይ ስለተያዘ ነው።

ይህ ሲባል በክረምት ባሕር ዳር አይምጡ ማለት አይደለም፤ በእነዚህ ወራት ነጭ ዓሣ አይዘዙ ማለት ነው። በምትኩ ቆሮሶ ወይም አምባዛ መብላት ይቻላል። ቆሮሶም ቢሆን ክረምት ላይ መራባቱ አይቀርም፤ ሆኖም እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ፣ ዝርያውም ቶሎ ለመራባት ስለሚደርስ፣ አስጋሪው የወሰደበትን ከነጭ ዓሣ በተሻለ ፍጥነት ይተካል። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ብዙ ምእመናን አሉ፤ እርስዎም ከእነርሱ ወገን ከሆኑ ቆሮሶ ይበቃዎታል።

የሚበሉትን ዓሣ ለይቶ ማወቅ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው በአዘገጃጀቱ ላይ ነው። ጉላሽ ወይም ዱለት ካዘዙ ሥጋው ተከትፎ ስለሚመጣ ምን እንደበሉ አያውቁም። ሙሉ ጥብስ ካዘዙ ግን መልኩ ከፊትዎ ነው። ቆሮሶ ጎኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ የጀርባው ክንፍ ከራሱ አጠገብ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ድረስ የሚዘልቅ፣ እሾሁም ጣት የሚወጋ ነው። ነጭ ዓሣ ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱ ትልልቅ፣ የጀርባ ክንፉ አጭር ሲሆን ብዙ ጊዜ በአፉ ዳር ትናንሽ ጢም ይታይበታል። አምባዛ ደግሞ ለስላሳ ቆዳ፣ የተደፈጠጠ ራስና ረጃጅም ጢም ስላለው ከሌላው ጋር አይምታታም። አስተናጋጁ «ዓሣ ነው» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ከወጥ ቤት ጠይቆ እንዲመጣ ይለምኑት። የሁሉም ደንበኛ ጥያቄ ይኸው ሲሆን ባለ ምግብ ቤቱ ከአስጋሪው የሚገዛውን መምረጥ ይጀምራል። በተለይ በሁዳዴ ጾም የዓሣ ፍላጎት ስለሚጨምር ትንሹም ትልቁም ገበያ ይወጣል፤ ያኔ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቆሮሶ ሲቀርብልዎ አለመግዛት ይገባል፤ እንዲህ ያለው ዓሣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይራባ የተያዘ ሊሆን ይችላልና። ሐይቅ ዳር ከአስጋሪው እጅ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ካየ ባይገዛው ይሻላል። በመርዝ ማስገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከት የፌዴራል አዋጅም (ቁጥር 315/1995) ወጥቷል፤ ነገር ግን ወንዝ ለወንዝ እየዞረ የሚቆጣጠር ሰው ስለማይበቃ የገዢው ምርጫ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ወደ ጀልባው እንምጣ። ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ጀልባው ትናንት የት እንደዋለ ጀልባ ነጂውን ይጠይቁ። በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለው የሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ በተባለው በውኃ ላይ ተንሳፋፊ አረም የተወረረ ነው። እምቦጭ ለመዛመት ሥር መስደድ አያስፈልገውም፤ በሞተሩ ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ አንዲት ቁራጭ ግንድ ንጹሕ ወደብ ከደረሰች በሳምንታት ውስጥ እጥፍ እየሆነች ትሄዳለች። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ሞተሩ ተነሥቶ ፕሮፔለሩ እንዲታይ፣ ገመዱና የጀልባው ወለል እንዲጠረግ ይጠይቁ፤ የተገኘውም አረም ውኃ ውስጥ ሳይሆን ከውኃው ርቆ በደረቅ መሬት ላይ እንዲጣል ያድርጉ። ሐምራዊ አበባው ለፎቶ ያምራል፤ ቆርጦ ይዞ መሄድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

በጉዞው ላይ ጀልባው ደንገሉን እየታከከ እንዳይሄድ ይንገሩ። የደንገሉ ሥር የቆሮሶ ጫጩት መጠለያ፣ ራሱም የወፎች ጎጆ መሥሪያ ነው፤ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም በየዓመቱ እየሳሳ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ከታየ ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቢያንስ መቶ ሜትር ርቆ መቆም ያስፈልጋል፤ በጉማሬና በጥልቁ ውኃ መካከል መግባት ለእርሱም ለእርስዎም አደጋ ነው። ሻላና ሳቢሳ የተባሉት የውኃ ወፎች መንጋ ያረፈበትን ቦታ ለፎቶ ሲሉ በጀልባ ሰንጥቆ ማስነሣት በአንዳንድ አስጎብኚዎች ዘንድ እንደ ትርኢት ይቆጠራል። መልካም አስጎብኚ ይህን አያደርግም፤ የሚያደርግ ካጋጠመዎ በግልጽ ይከልክሉት። ወፍ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በፎገራ ወዳሉት ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ ረግረጎች ቢሄድ ከአውሮፓ የሚመጡ፣ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጃጅም እግር ወፎችን ከዳር ሆኖ ያያል።

በደሴቶቹ ላይ ያለው ነገር አጭር ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ይህን አስቀድሞ አውቆ መሄድ ከወደብ ላይ ክርክር ያድናል። በዳርቻው የቀረው የአገር በቀል ደን በአመዛኙ በገዳማቱና በአድባራቱ ዙሪያ ያለው ስለሆነ ከመንገዱ አይውጡ፣ ቅርንጫፍም አይስበሩ። በዘጌ በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና ከገበሬው መግዛት ደኑ ቆሞ እንዲቆይ ከሚሰጡት ምክር ሁሉ የተሻለ ድጋፍ ነው። በሐይቁ ውስጥ በሳሙና መታጠብና መኪና ማጠብ ለእምቦጩ ቀለብ መስጠት ነው፤ ዳርቻው ላይ በአረም መካከል መቆምና መዋኘትም የቢልሃርዚያ ስጋት ስላለበት አይመከርም።

እምቦጭ በመንቀል ለመርዳት የሚፈልግ ካለ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ በበጋ፣ ውኃው ሲሸሽ፣ ቦት ጫማና ጓንት ለብሶ ይውጣ። ተክሉ ከነሥሩ ይነሣ እንጂ እየተበጠሰ አይጎተት፤ የተበጠሰው ሁሉ እንደገና ይበቅላልና። ክምሩም ክረምት ሲሞላ ውኃው ከሚደርስበት መስመር በላይ ይደረግ። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ አንድ ጊዜ የጸዳ ዳርቻ በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሶ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ ከሚዘምት ትልቅ ቡድን ይልቅ በየዓመቱ ወደ አንድ ቀበሌ ዳርቻ የሚመለስ ትንሽ ቡድን ይሻላል።