ጓደኛህ ሴት ሲለክፍ ምን ታደርጋለህ?

ባህር ዳር አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ወክ ካደረክ ነገሩን ታውቀዋለህ፣ አራት አምስት ልጅ ተደርድሮ ይቀመጥና ያለፈችውን ሁሉ "ቆንጆ፣ ቆንጆ" ይላል፣ ዝም ብላ ስታልፍ ደግሞ "ምን ያኮራሻል!" ይመጣል። ልብ ብለህ ካየህ ለካፊው አንድ ነው፣ ሌሎቹ ሳቂ ናቸው። እሷ እንደማትመልስለት እሱም ያውቃል፣ የሚለክፈው ለናንተ ሳቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አትሳቅ፣ ፈገግም አትበል።

ከዛ "ተው አቦ፣ ደስ አይልም" በለውና ወሬ ቀይር። ሰው ፊት ካዋረድከው እልህ ይይዘዋል፣ ዋናውን ወሬ ለብቻችሁ ስትሆኑ አውራው። "እህት የለህም ወይ?" የሚባለውን ግን እኔ አልወደውም፣ "የኔ እህት በዚህ ሰዓት አትወጣም" ይልሃል አለቀ፣ ደግሞስ የማንም እህት ባትሆን ሊለክፋት ነው እንዴ? "ሴታሴት" ማለታቸው አይቀርም፣ ይበሉ።

ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩ ስልክ ስጪኝ እያለ ልጅቷን ካስጨነቃት "ወንድሜ መንገዱን እያየህ" ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እሷ ስትወርድ አብረሃት መውረድ ይሻላት እንደሆነ ጠይቃት፣ አይ ካለች አይ ነው፣ እና በናትህ ስላገዝካት ብለህ አንተም ስልኳን እንዳትጠይቅ!

ዓሣ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አስተናጋጇን በጭብጨባ መጥራት፣ ሳህን ስታነሳ ወገቧን መያዝ፣ ከዛ ቲፕ ጣል አርጎ መሄድ። ልጅቷ ደሞዟን ፈርታ ነው የምትስቀው። አብሮህ ያለው እንዲህ ካረገ እጁን አንሳለት፣ ይቅርታም ራሱ ይጠይቃት። ቤቱ ያንተ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ቦታ ላይ ፆታዊ ትንኮሳን ይከለክላል፣ አሠሪዋ ወይ ሥራ መሪው ከተነኮሳት ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። ተንኳሹ ደንበኛ ሲሆንም "ደንበኛ ነው ቻይው" አትበላት፣ ጠረጴዛውን ለሌላ አስተናጋጅ ስጥና ሰውዬውን ራስህ አናግረው።

አንዱ ሴት ሲከተል ወይ እጇን ሲጎትት ካየህ ግን ምክሩን ተወው፣ ብቻህንም አትጋፈጠው። ሰው ጥራ፣ "ሰላም ነሽ?" እያልክ አጠገቧ ቁም፣ ፖሊስ ይጠራ ካለች ደውል፣ ያየኸውንም ለመመስከር ስልክ ቁጥርህን ስጣትና ሂድ።