አሮጌ የፊልም ካሜራ ውስጥ ፊልሙ መሄዱን ማረጋገጫ

ጅማ ውስጥ 35 ሚሊሜትር ፊልም የሚጎርስ አሮጌ ካሜራ ከቤተሰብ የወረሳችሁ ሁሉ፣ ፊልሙ መሄዱን ሳታረጋግጡ አንድም ፎቶ እንዳታነሱ አደራ እላለሁ። ጀርባውን ከዘጋችሁ በኋላ በግራ በኩል ያለውን የመመለሻ እጀታ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ በሁለት ጣት በቀስታ አዙሩና ሲጠብቅ አቁሙ፤ ከዚያ የፊልም መሳቢያውን፣ ማለትም ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፎቶ የሚያሳልፈውን ማንሻ፣ ስትስቡ እጀታው በተቃራኒው አብሮ ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው፣ ካልዞረ ግን የፎቶ ቆጣሪው ቁጥር ቢጨምርም የፊልሙ ጫፍ ከመጠምጠሚያው፣ ማለትም የተነሳው ፊልም ከሚጠቀለልበት ዘንግ፣ ሾልኮ ሊሆን ይችላል። እኔ ጅሬን ወጥቼ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያነሳኋቸው 36 ፎቶዎች በሙሉ ባዶ የወጡት ይህን ባለማየቴ ነው፤ ቁጭቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

ጫፉ ከሾለከ፣ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ጀርባውን ክፈቱ፤ ጫፉን ወደ መጠምጠሚያው ስንጥቅ በደንብ አስገቡ፤ ፊልሙን የሚስቡት ጥርሶች በፊልሙ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ መግባታቸውን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ አንዴ ስባችሁ ዝጉ።

መሳቢያው መሃል መንገድ ላይ ከጠነከረ ግን በጉልበት አትሳቡት፤ ፊልሙ አልቆ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ከሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ በመመለሻ እጀታው ፊልሙን መጀመሪያ ወደነበረበት ጣሳ መልሱት፤ እስክትጨርሱ ድረስ ጀርባውን አትክፈቱ።